አማቴ በጭቃ የሠሯት ዓለም

ስሜ አበቡ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በስልሳ ሰባት የዕድገት በኅብረት ዘማቾቹ መካነ ሰላም ሲመጡ ነው፤ እስከ ዛሬም ስጽፍ እጄ ይፈራል። ተማሪዎች ኬክሮስ፣ ደሴት፣ የምድር ወገብ እያላችሁ የምታጠኑትን ቃል ግን ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ። የሰማሁት ከአማቴ ከእማማ ይርገዱ ጋር ጭቃ ሳቦካ ነው። ስለሳቸው ጻፊልን ስላላችሁኝ ልሞክር። ቢዘባረቅብኝ እያቃናችሁ አንብቡት።

አማቴ ጎታ ሠሪ ነበሩ። የዛሬ ልጅ ጆንያ እንጂ ጎታ ስለማያውቅ ልንገራችሁ። ጎታ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው። አንድ ዙር ይሠራል፣ ይደርቃል፣ በላዩ ሌላ ዙር ይቀጠላል። እህሉ የሚገባበት አፍ ከላይ አለው። ከታች ደግሞ እህሉ የሚወርድበት ቀዳዳ አለ፤ እሱ በውታፍ ይደፈናል። አማቴ ጭቃውን ሲያሹ እንደ ሕፃን ያነጋግሩት ነበር፤ «እሺ በለኝ እንጂ የኔ ጌታ» ይሉታል።

በስልሳ አምስት በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ሳይጠና አለፈ። እህል ሲጠፋ ጎታ ማን ያሠራል? ባሌ ሞላ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ልሂድ አለ። ሲወጣ እናቱን ጉልበታቸውን ስሞ፣ «እዚሁ ጠብቁኝ። ከዚህ ከለቀቃችሁ የት ብዬ አገኛችኋለሁ?» አላቸው።

አጨዳው አለቀ፣ ሞላ አልመጣም። አገሩ ሁሉ ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ መንገድ ይጎርፋል፤ እዚያ እርዳታ አለ ይባላል። እኛ ከሄድን ሞላ አያገኘንም። ከቀረን የምንቀምሰው የለም። አማቴ ደግሞ የሰው እጅ ማየት አይሆንላቸውም። ጎረቤታችን ዘይነባ ቆሎ ይዛ ስትመጣ፣ «ለልጆችሽ አድርጊው፣ እኛ በልተናል» ብለው ይመልሷት ነበር። እኔ ቆሎውን በዓይኔ እሸኘዋለሁ።

አንድ ቀን መምህር ጀብሪል ደጃችን መጣ። የወረኢሉ ሰው ነው፤ ለስድስተኛ ክፍል ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተምራል።

«እማማ፣ አንድ ጎታ ያብጁልኝ» አለ።

«ምን ልትከትበት? አቧራ?»

«ድብልብል ጎታ ነው የምፈልገው። ትምህርት ቤቱ ሉል የለውም። ሉል የዓለም ምስል ነው። መምህራኑ አዋጥተን ገብስ ገዝተናል፤ ሠርተው በዋሉ ቁጥር እየሰፈርሁ እሰጣለሁ።»

«ሥራ ከሆነ እሺ» አሉ።

በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ሦስት ትልልቅ ጉልቻ አቁመን ጀመርን። ከብቱ ስላለቀ እበት አልነበረም። ተማሪዎቹ የነጋዴ በቅሎ ካደረበት ፋንድያ ለቅመው አመጡልን። አማቴ ሉሏን ዙር በዙር ሲያሳድጓት መምህሩ ለልጆቹ፣ «ይህ ዙር ኬክሮስ ነው። መሀል ያለው ሰፊው ዙር የምድር ወገብ ይባላል» ይላቸዋል።

«ወገብ ካላትማ ሴት ናት» አሉ አማቴ። ጭቃ ጠፍጥፈው መቀነት አስታጠቋት።

እሱን «የኔታ» ነበር የሚሉት። «እማማ፣ እኔ እኮ እስላም ነኝ» ሲላቸው፣ «ታዲያ ማስተማሩን ትተኸዋል?» ይሉታል።

የብሱን በቀይ አፈር ቀባነው፣ ባሕሩን በአመድ። ከአመዱ መሀል ብቻዋን የቀረች የቀይ አፈር ነጠብጣብ ደሴት ናት። አማቴ ደሴት ሲሠሩ ያዝኑ ነበር፤ «ይቺ ከማን ጋር ታወራ ይሆን?» እያሉ አንዷን ወደ ሌላዋ ያስጠጓታል። መምህሩም አይቶ ይተዋቸዋል።

ወደ ላይ ስንደርስ ግን ተከራከሩ።

«እማማ፣ ዓለም አፍ የላትም። ይድፈኑት።»

«አፍ የሌለው ጎታ መቃብር ነው። እኔ መቃብር አልሠራም።»

«ከታችም ቀዳዳ ትተዋል?»

«ያገባውን ማውጣትም አለ።»

ሳቀ። «እንግዲያው አፏ ሰሜን ዋልታ፣ ውታፏ ደቡብ ዋልታ ነው» ብሎ ለልጆቹ ነገራቸው።

አንድ ቀን ስለ ፍልሰት ሲያስተምር፣ «ሕዝብ ካገሩ ነቅሎ ሌላ አገር ሲሄድ ፍልሰት ይባላል» አለ። አማቴ እጃቸው ጭቃው ላይ ቆመ። «እኔ አልፈልስም» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለሱ ይሁን ለኔ አላወቅሁም።

ሥራው እያለቀ ነበር። መምህሩ ግን አላለቀም ይላል። ዛሬ ደሴት ረሳን ይላል፣ ነገ ወንዝ፣ ከነገ ወዲያ ተራራ። ገብሱንም ይሰፍራል። በመጨረሻ አማቴ እጃቸውን ታጠቡ።

«አንተ ልጅ፣ ዓለም መቼ ነው የምታልቀው?»

«ስታልቅ እነግርዎታለሁ።»

«ያለቀ ጎታ አውቃለሁ። ያለቀ ጎታ እህል ይገባበታል እንጂ አይታሽም። ልመና አታስለምደኝ።»

ወደ ቤት ተመለስን። በማግስቱም አልሄዱም፣ ከዚያም ወዲያ አልሄዱም። የሰፈረልን ገብስ ሲያልቅ እኔ ዕቃችንን መቋጠር ጀመርሁ። ወደ ደሴ መውጣታችን ነው ብዬ የሞላን ጋቢ አጣጠፍሁ። አማቴ አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስቋጥር መምህር ጀብሪል በሩ ላይ ደረሰ። «እማማ፣ ወግዎን ትተው ይቀራሉ?» አላቸው።

«የምን ወግ?»

«ዓለም ሞላች።»

በኛ አገር አዲስ ጎታ ሲሞላ የመጀመሪያውን ውታፍ የምትነቅለው ሠሪዋ ናት። በነጠላዋ የተቀበለችውን ይዛ ትሄዳለች። ምጽዋት አይባልም፣ ሳይሰጧት ቢቀሩ ነው ነውሩ። መምህሩ ይህን ከማን እንደጠየቀ አላውቅም። እኔ ዘይነባን እጠረጥራለሁ።

ሄድን። ለካስ አማቴ «ያለቀ ጎታ እህል ይገባበታል» ያሉትን ለልጆቹ ነግሯቸው ኖሯል። እህል ያለው ተማሪ ከቤቱ እፍኝ እፍኝ እያመጣ በሰሜን ዋልታ ሲጨምር ሰንብቷል። አማቴ ተንበርክከው ነጠላቸውን ዘረጉ፣ ደቡብ ዋልታን ነቀሉ። ገብሱም፣ ባቄላውም፣ ምስሩም፣ ማሽላውም አንድ ላይ ወረደ።

«ቅይጥ ነው» አሉ።

«ዓለም አይደለች?» አላቸው።

ነጠላቸው ሳይሞላ ውታፉን መለሱት። «የቀረው ለመንገደኛ ይሁን» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከሳይንት በኩል ደክሞት ለሚመጣ ሰው ውታፉን የሚነቅሉት እሳቸው ሆኑ። ለዚያ ሥራ ከዚያው የሚሰፈርላቸውን ተቀበሉ። የሞላን ጋቢም ከቋጠሮው አወጣሁት።

በየካቲት ተማሪው ሰልፍ ወጣ፣ መምህራኑ ሥራ አቆሙ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መምህር ጀብሪል ወደ ወረኢሉ ሊሄድ ሲሰናበተን አማቴ ጠየቁት።

«ይሄ አብዮት የምትሉት ምንድን ነው?»

«መገለባበጥ ነው እማማ። የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ።»

«ዓለሜን ብቻ እንዳይገለብጡብኝ፤ እህሉ ይፈስሳል።»

ልጆቹ ቢቀሩም እፍኙ አልቀረም። ዘበኛው አራጌ በሩን ክፍት ይተዋል፤ ዓርብ ከመስጊድ የሚመለሰው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ካለችው ቆንጥሮ ይጨምር ነበር። አንዳንድ ቀን ባዶ ናት። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሚወርድ አለ። እንዲያ እያልን ክረምቱን አለፍነው።

ንጉሡ ወረዱ ከተባለ በኋላ፣ በጥቅምት ይመስለኛል፣ ክረምቱ ያሳሳውን የሉሏን ጎን ስንመርግ በበረንዳው ጫፍ አንድ ሰው ቆመ። ከስቶ አላወቅሁትም። ድምፁን ስሰማ ነው ጭቃው ከእጄ የወደቀ።

«ቤታችሁ ሄጄ ዘይነባ ነገረችኝ» አለ ሞላ። «እማ፣ ምንድን ነው የምትሠሪው?»

አማቴ አልተነሡም። «ዓለምን እየመረግሁ ነው» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «መካነ ሰላም የታለች ብሎ ነበር የኔታ?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። «ሁመራስ?» አሳየኋቸው።

አውራ ጣታቸውን ጫኑበት። ጣታቸው ሁለቱንም ሸፈናቸው።

«ይህችን ነው ዓመት ሙሉ የሄድሃት?» አሉትና በጭቃ እጃቸው ራሱን ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉት።