ሁለቱ መክፈቻዎች

ሰዓት ጠጋኙን ሰፈሩ የሚጠራው «ጋሽ ደቂቃ» እያለ ነው። መቼ ይደርሳል ሲሉት ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንድ ደቂቃ» እያለ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባል? ቀጠሮው አይታመንም፤ እጁ ግን ይታመን ነበር። ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ብሎን በወረንጦ አንሥቶ ቦታዋ ሲያስገባ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም።

ዘንድሮ ያ እጅ ከዳው። ብሎኗን ሲያነሣ ጣቱ ይርገበገባል፣ ብሎኗ ትፈናጠራለች፣ እሱ ተንበርክኮ ወለሉን በባትሪ ሲፈልግ ይውላል። ደንበኞቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። «መጠጥ ጀመረ እንዴ?» መባሉንም ሰማ። ሰውየው ከለስላሳ ሌላ ቀምሶ አያውቅም። እርጅና ነው ብሎ ደመደመና፣ ባለፈው ሳምንት ወረንጦውን ፊት ለፊት ላለው ስልክ ጠጋኝ ሰጠ። «ውሰደው፣ ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል» አለው። ያኛውም አላስለመነውም።

ጉዱ ያለው ግን ቤቱ ነው። አስም አለበት። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቱን ሚስቱ «መክፈቻ» አለችው፤ ደረት ይከፍታላ። ጉንፋን ሲይዘው የተገዛው ክኒን አፍንጫ ስለሚከፍት እሱም «መክፈቻ» ተባለ። ጠዋት ጠዋት «መክፈቻህን ወሰድክ?» ስትለው፣ የትኛውን ብሎ ከመጨቃጨቅ ሁለቱንም ይወስዳል። ጉንፋኑ ከለቀቀው ወር አልፎታል፤ ክኒኑን አቁም ያለው የለም። ልቡ ድው ድው ሲል ደግሞ አስሙ የተነሣበት እየመሰለው መድኃኒቱን ደጋግሞ ይስባል።

ማክሰኞ ከሰዓት ሁለቱም አለቁና መድኃኒት ቤት ሄደ።

«ሁለቱንም መክፈቻ ስጪኝ» አለና ባዶዎቹን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

መድኃኒት ሻጯ ዕቃዎቹን ትታ ጣቶቹን አየች። «ይህን ክኒን ለምን ያህል ጊዜ ወሰዱት?»

«ወር ከምናምን። ልቤ ሲመታብኝ ደግሞ የሚሳበውን እደጋግመዋለሁ። ምነው?»

«ጋሼ፣ ውሻ አባርሮዎት ያውቃል?»

«ማንን ያላባረረ አለ? ልቤ እየመታ እሮጣለሁ።»

«ለዚያ ሩጫ ሰውነትን የሚያዘጋጅ ነርቭ አለ። ልብን ያፈጥናል፣ የአየር ቧንቧን ይከፍታል። ሁለቱም መድኃኒቶች የእሱን ትእዛዝ አስመስለው ነው የሚሠሩት። የሚሳበው ደረትዎን ሲከፍት ያው ትእዛዝ የእጅዎ ጡንቻ ላይም ይደርሳል፤ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል። ክኒኑ የአፍንጫን የደም ሥር አጥብቦ እብጠቱን ይቀንሳል፤ ግን ልብም ያስመታል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል።»

«ስለዚህ ቁጭ ባልኩበት ውሻ እያባረረኝ ነው በይኛ።»

«ሁለት ውሻ። ክኒኑ ዛሬውኑ ይቁም። የሚሳበውን ግን እንዳይተዉት፤ ሲያፍንዎት ያስፈልግዎታል። ይህን ያህል ካበዙት ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፤ አስሙ እንዳይነሣ የሚከላከል ሌላ መድኃኒት አለ።»

እየተበሳጨ ወጣ። ይህን ነገር ቀድሞ የሚነግረው አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? የክኒኑ ካርቶን ውስጥ ወረቀት አለ አሉ፤ ፊደሉ በሰዓት መጠገኛ መነጽሩ እንኳ የሚነበብ አይደለም። ሚስቱ ስትሰማ «እኔ እኮ ስለ አስሙ ነበር የምጠይቅህ» አለች።

ሐኪሙ መከላከያውን ጨመረለት። በሦስት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ደጋግሞ መሳብ ቀረ፣ እጁም ረጋ። መርጋቱን ባረጋገጠበት ዕለት መንገዱን ተሻግሮ ስልክ ጠጋኙን «ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ መጣሁ፤ ወረንጦዬን መልስልኝ» አለው።

ሰውየው መሳቢያውን ሲበረብር ቆየና አወጣት። «ጫፏ ለስልክ አልመች ሲለኝ ጎበጥ አድርጌ ሞረድኳት። ምነው ጋሼ፣ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ።»

ጋሽ ደቂቃ ወረንጦዋን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ጫፏን አየ፤ ከእንግዲህ ብሎን አትይዝም። ለረጅም ጊዜ እንደያዛት ቆመ። እጁ ንቅንቅ አላለም።