የለተሥላሴ ግዝት

ለተሥላሴ ብዙነህ ውሸት አይሆንላትም። አፏን ሳትከፍት ጆሮዋ ይቀላል። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ልጅ ናት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ያን ሁሉ ዓሣ አስጋሪ በአንድ ውሸት ቀጥ ያደረገችው።

ነገሩን ያመጣው ወፍ ነው። ይቺ ልጅ ወፍ ካየች የተላከችበትን አታውቅም። ውሃ ቅጂ ስትባል ባዶ ጀሪካን ይዛ ትመለሳለች፤ ምነው ሲሏት ወፍ ስታይ ውላለች። ቤታቸው አበርገሌ ውስጥ፣ ተከዜ ተገድቦ የተኛው ውሃ ዳር ነው። ውሃው የአባቷን ማሳ ሲውጠው ብዙነህ ሞፈሩን ሰቅሎ መረብ ያዘ፤ ዋና ግን እስከ ዛሬ አልለመደም።

ከዳር ራቅ ብላ አንዲት አሸዋማ ደሴት አለች። በበጋ ውሃው ሲጎድል ብቅ ትላለች፣ ክረምት ሲገባ ትሰጥማለች። መጋቢት ላይ ቀይ መንቆር ያላቸው ወፎች መጥተው እንቁላላቸውን አሸዋው ላይ ይጥላሉ። የታችኛው መንቆራቸው ከላይኛው ይረዝማል፤ እሱን ውሃ ውስጥ ነክረው ሲበሩ ውሃው እንደ ትልም ይሰነጠቃል። ለተሥላሴ "አራሾቹ" ትላቸዋለች። ከሰቆጣ በኩል የመጣ አንድ ወፍ የሚያጠና መምህር፣ "በየትም የሚገኙ እንዳይመስሉሽ፤ በዚህ ውሃ ሌላ ቦታ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ" ካላት ወዲህ ደግሞ እረፍት አጣች።

እረፍት የሚነሳ ነገርም ነበር። አስጋሪዎቹ መረብ የሚያሰጡትና ዓሣ ጠብሰው የሚበሉት እዚያችው አሸዋ ላይ ነው። እንቁላሉ ጎጆ የለው፣ መልኩ ከአሸዋ አይለይ፣ ጫማ ስር ሲደቅ ማን ያየዋል? ሌላ ቦታ ውረዱ ብላ አባቷን በኽምጣኛም በአማርኛም ለመነችው።

"ላንቺ ወፍ ብለን ውሃ ላይ እንዋል?" ብሎ ሳቀባት።

በአገሩ ደግሞ ደን ወይም ግጦሽ እንዳይነካ ሲፈለግ ቄስ በመስቀል ይገዝታሉ። ከተገዘተ ዘበኛ አያሻውም፤ ሌባ እንኳ እግሩን አያስገባም። አንድ ጠዋት ብዙነህ ጀልባውን ሲገፋ ለተሥላሴ ከኋላው ቆማ፣ "አባዬ፣ አባ ወልደ ሐዋርያት ደሴቷ ላይ ግዝት ጥለዋል" አለችው። ጆሮዋ ፍም መስሏል። እሱ ግን ዞር ብሎ መች አያት፤ አማተበና ለባልንጀሮቹ ሊነግር ሄደ።

አባ ወልደ ሐዋርያት የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው። ደብራቸው ዳገቱ ላይ ነው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደ ውሃው አይወርዱም። ቄስ ለምን ገዘቱ ተብሎም አይጠየቅምና ወሬው ሳይደርሳቸው ከረመ።

ሚያዝያ ላይ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ለተሥላሴ መምህሩ በተወላት የሩቅ ማያ መነጽር ከዳር ሆና ትቆጥራቸዋለች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ተነሳ። የብዙነህ ጀልባ ከደሴቷ ሥር ነበረች፤ ሦስት ጊዜ ቢቀዝፍ አሸዋው ላይ ይወጣል። አልቀዘፈም። ዋና የማያውቀው ሰው ጀልባውን አዙሮ ማዕበሉ ውስጥ ገባ። ከዳር ሆና ታይ ለነበረችው ልጅ የሠራችው ሥራ ያን ጊዜ ገባት። "ውረድ አባዬ፣ ውሸቴን ነው" እያለች ጮኸች፤ ማን ይስማት። ውሃው ሲያንገላታው ቆይቶ መረቡን አስቀርቶ እሱን ማዶ ዳር ላይ ተፋው። ቤት ሲገባ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ "ግዝት ከምረግጥ ብዬ ነው" አለ።

በማግስቱ ዳገቱን በሩጫ ወጥታ አባ ወልደ ሐዋርያት እግር ላይ ወደቀችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

"በእኔ አፍ ገዘትሽ?" አሉ በቁጣ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራስሽ ለሕዝቡ ትናገሪያለሽ።"

"አባቴ፣ ጫጩቶቹ እኮ ገና አልበረሩም። ሁለት ሳምንት ይታገሱኝ።"

"በሁለት ሳምንቱ ውስጥ ነፋስ እንዳይነሳስ አንቺ ትገዝቺዋለሽ?"



እሑድ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆመች። "አባ አልገዘቱም። ለወፎቹ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አባቴን ልገድለው ነበር" አለች። አስጋሪዎቹ አጉረመረሙ። ዘመነ የሚባለው ጎረምሳ፣ "ወር ሙሉ ማዶ ለማዶ ያንከራተተን ወፍ ነዋ። ነገውኑ እወርዳለሁ" አለ።

ብዙነህ ብድግ አለ። ፊቱ ጠቁሯል፤ መረቡ ሄዷል፣ ልጁም በሰው ፊት አሳፍራዋለች። ለተሥላሴ ቀና ብላ ልታየው ፈራች።

"ልጄ በድላለች፤ የምቀጣትም እኔ ነኝ" አለ። "ግን እኔ ሞት ፊቴ ቆሞ ያልረገጥኳትን አሸዋ፣ በብራ ቀን መረብ ላስጣ ብሎ የሚረግጣት ማን ነው?"

ዘመነ አቀረቀረ። አባ ወልደ ሐዋርያት ጥቂት አሰቡና መስቀላቸውን አነሱ፤ ክረምት ገብቶ ውሃው እስኪሸፍናት ድረስ ደሴቷን ገዘቱ። "ውሃ ላይ ነፋስ የያዘው ሰው ግን ይውጣባት" አሉ ለተሥላሴን እያዩ።

ቅጣቷ በማግስቱ ተጀመረ፤ ከአባቷ ጋር ቁጭ ብላ አዲስ መረብ መቋጠር። ብዙነህ እስከ እኩለ ቀን ድረስ የላላ ቋጠሮ ባገኘ ቁጥር እየፈታ መለሰላት። ከዚያ ክሩን እየሳበ፣ ቀና ሳይል፣ "ለመሆኑ መቼ ነው የሚበሩት?" አላት።