የግራ እጅ ስፌት

በልብስ ስፌት ቤቱ ሁሉም ሰው «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። እንደ መርፌ ቀጭን ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ በእጃቸው ሲዘመዝሙ ኖረዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሦስት ልጆች ያሳደጉትም በዚሁ ሥራ ነው።

ባለፈው ክረምት ሕመም ጥሏቸው ሲነሡ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ሰው አክባሪ ነውና ወዲያው አላሰናበታቸውም። «እስከ ወሩ መጨረሻ ይሞክሩት፤ ካልሆነ ግን ሌላ ሰው መተካቴ ነው» አላቸው።

እቤታቸው ቁጭ ብለው ጨርቁን በጉልበታቸው እየያዙ በግራ እጃቸው መስፋት ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። ፈቱትና «አቤቱ፣ አንተ ታውቃለህ» ብለው እንደገና ሰፉት። መርፌው ጣታቸውን ሲወጋቸው ያለቀሱበትም ቀን አለ። ሆኖም ጠዋት ጠዋት «አምላኬ፣ እጄን መልስልኝ» ብለው ጸሎታቸውን አድርሰው ያንኑ ጨርቅ ያነሣሉ።

ወሩ ሲያልቅ ባለቤቱ አንድ ነጭ ሸሚዝ ሰጣቸው። ሰባቱንም ቀዳዳ ሰፍተው መለሱለት። ወደ መስኮቱ ወስዶ አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰው።

«ይኼማ የድሮው እጅዎ ነው» አለ። «ነገ በሰዓትዎ ይግቡ።»

አጠገባቸው ልብስ የምትተኩሰው ወዳጃቸው ሳቀች። «እትዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ‹እጄን መልስልኝ› እያሉ የለመኑት ቀኙን አልነበረም እንዴ?»

«‹እጄን› አልኩት እንጂ የቱን እንደሆነ መች ነገርኩት?» አሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን በግራው አንሥተው ጭናቸው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ይኼም ይረፍ፤ ብዙ ደክሟል።»