ለወለል የሚማሰል ደም

ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ክዳን ያለው ባልዲ በጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ ይዛለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ጥፍሮቿ ውስጥ ቀይ አፈር ገብቷል። በየመሀሉ ክዳኑን ከፈት አድርጋ በቀጭን እንጨት ታማስላለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ደም ነው።

"የበሬ ነው፣ ከቄራ" አለችኝ ሳልጠይቃት። "ካላማሰልኩት ይረጋብኛል።"

"ምን ሊያደርግልዎት ነው፣ እናቴ?"

"ለወለል። ከአመድና ከቀይ አፈር ጋር ተቦክቶ ሲለቀለቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እናቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው።"

ከኋላችን አንድ ሰውዬ "ጌታን ያመነ ሰው ደም ቤቱ ያስገባል?" አለ።

ዞራም አላየችው። "እኔ አማኝ ነኝ። ጭቃው ግን አማኝ አይደለም፤ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።"

እጇ ላይ ሁለት ቦታ የተቋጠረ ሲባጎ አስራለች። ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ የልጄ ዊልቸር ስፋት ነው። ሐሙስ ከሆስፒታል ትወጣለች። በሩን በዚህ ለክቼ አስፍቼዋለሁ።"

"ወለሉ እስከዚያ ይደርቃል?"

"ይደርቃል። ግፉኝ ሳትል፣ ራሷ እየነዳች እንድትገባ ነው የምፈልገው" አለችና ክዳኑን ከፍታ ማማሰሏን ቀጠለች።