እናትነሽ ያስጠናችው መልስ

እናትነሽ ነገሌ ጦር ካምፑ በር ላይ የወታደር ልብስ ትሰፋለች፤ የሰፈሩንም ወሬ ከማንም ቀድማ ትሰማለች። የራሷን ቤት ወሬ ግን ሰምቶባት የሚያውቅ የለም። ሀዋሳ ያለ ሐኪም ልጇ አክሊል ኦቲዝም እንዳለበት ሲነግራት፣ ለባሏ ለሻምበል ባሻ ጉግሳ እንኳ «ዓይናፋር ነው አሉኝ» ብላ አሳጠረችው።

ጣጣው የመጣው በሰላምታ ነው። እዚያ ሰፈር ሰው ሲገናኝ ጤናውን፣ ቤቱን፣ ከብቱን ሳይቀር ይጠያየቃል። አክሊል ደግሞ የተጠየቀውን ከልቡ ይመልስ ነበር። የአዛዡ ሚስት «እንዴት ነህ?» ብትለው፣ «ሽቶሽ ሊያስመልሰኝ ነው» አላት። እናትነሽ የምትገባበት ጠፋት። ቤት ወስዳ፣ ማንም ቢጠይቅህ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» በል ብላ አስጠናችው።

«ቢያመኝስ?» አላት።

«ቢያምህም።»

ጨዋ ልጅ ወጣው ተባለ። እሷም ኮራች፣ ምን ታድርግ!

ሒሳብ የሚወድ ልጅ ነበርና ከቡሌ ሆራ አልፎ ያለ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ልታደርሰው የሄደች ዕለት፣ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍል ሠራተኛዋ ሲንቄ አዲስ ገቢዎቹን እየዞረች ትጠይቅ ነበር። «አካም ጅርቱ፣ እንደምን ነዎት፣ እናቴ! ስለ ልጅዎ ማወቅ ያለብን ነገር አለ? ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንሰጣለን።» እናትነሽ ዙሪያዋን ቃኘች። የነገሌ ወላጆች አጠገቧ ቆመዋል።

«ምንም የለበትም። ዓይናፋር ነው እንጂ» አለች።

ወር ሳይሞላ ተደወለላት። አክሊል የካፌው የትሪ ኳኳታና ጫጫታ አላስገባ ብሎት፣ ደረቅ ዳቦ እየቆረጠመ ሰንብቶ ክፍል ውስጥ ወድቋል። የዶርም ጓደኞቹ በየቀኑ ቢጠይቁት ደህና ነኝ፤ መምህሩ ቢጠይቀው ደህና ነኝ። ይህን መልስ ማን እንዳስጠናው እናትነሽ ታውቃለች።

የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ደርሳ ግሉኮስ የተተከለበትን ክንዱን አየች። ሲንቄን በር ላይ ይዛ የሐኪሙንም የሰላምታውንም ነገር ዘረገፈችው። «ለሰው ፊት ብዬ የልጄን አፍ የዘጋሁት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። ሲንቄ አልተቆጣቻትም። ብትቆጣት ይቀላት ነበር።

«ዛሬ ነግረውናል፤ ከዛሬ እንጀምራለን» አለችና ይዛት ገባች። አክሊልን እንዴት ነህ አላለችውም። ለብቻው የሚበላበት ጸጥ ያለ ክፍል እንዳለ ነገረችው። «ሌላስ ምን እናድርግልህ? የልብህን ንገረኝ። እናትህም ፈቅደዋል።»

እናትነሽ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አክሊል ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እናቴ ወደ ነገሌ ትመለስ» አለ። «እሷ እያለች እውነቱን መናገር እፈራለሁ።»

እናትነሽ ቦርሳዋን አንስታ ወደ መናኸሪያ ሄደች።