አንድ ሺህ ሜትር ክር

መንገዱን የለካነው መጋቢት ሰባት ቀን ነበር። ወይስ ስምንት? ቅዳሜ እንደነበር አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት አላስተምርም ነበር። ባለቤቴ ግን ዝናብ ነበር ትላለች፤ ጭቃ የያዘ ጫማዬን በር ላይ እንዳወለቅኩ ሳይቀር ትነግረኛለች። እኔ የማስታውሰው ደረቅ አስፋልትና ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጋደመ ቀይ ክር ነው። በዝናብ ደግሞ ክር አይዘረጋም። ወይ ሁለት ጊዜ ለክተናል፣ ወይ አንዳችን የሌላ ቀን ዝናብ አምጥተን እዚህ ላይ አዝንበናል። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ማንን ልጠይቅ?

ክሩን ያመጣው ጋሽ ሜትር ነው። ልብስ ሰፊ ነው። ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ሌላ ነው፤ አንድ ቀን ግን መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ማውለቅ ረስቶ ለሩጫ ቢመጣ አብሮን የሚሮጠው የአውቶቡስ ሹፌር ያየውን ጠራ፣ ስሙም በዚያው ጸና። አራት ነበርን፦ እሱ፣ ሹፌሩ፣ አንዲት ነርስ፣ እና ሐኪም በደም ግፊት ያስፈራራኝ እኔ። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ከአንድ መጋዘን አጥር ሥር፣ በወንዙ ዳር በሚሄደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንመላለሳለን። ምን ያህል እንደምንሮጥ ግን ማናችንም አናውቅም። ሹፌሩ "አሥር ኪሎ ሜትር ገባሁ" ሲል ነርሷ "ስድስትም አይሞላም" ትለዋለች፤ ከሩጫው ይልቅ ክርክሩ ያደክመን ነበር።

ጋሽ ሜትር ያልተፈታ ጥቅል ክር ይዞ መጣ። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ "1000 ሜትር" ይላል። ጫፉን ከመጋዘኑ በር ብረት ላይ አሰረ፤ እኔ ጥቅሉን በእርሳስ ላይ ሰክቼ እያዞርኩ ተከተልኩት፤ እሱ ክሩን ሳያወጥር ሳያላላ፣ እንደ ውድ ጨርቅ እየዳበሰ መሬት ላይ አስተኛው። ክሩ ያለቀው አንድ የመብራት ምሰሶ ጋ ነው። ምሰሶውን ወገቡ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቶ ቀበቶ አስታጠቀው።

"በቃ" አለ። "ከበሩ እስከ ቀበቶው አንድ ኪሎ ሜትር። ከእንግዲህ ውሸት የለም።"

የጋሽ ሜትር ሱቅ ደረጃ ሥር ያለች አንድ ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ እጅጌ ያልተገጠመላቸው ኮቶች፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ ደብተር። ከሩጫ በኋላ ሁላችንም ወደዚያ እንገባለን፤ ሻይ ከመቀመሱ በፊት እያንዳንዱ ሰው የሮጠውን፣ የወሰደበትን ጊዜና ሰውነቱ ምን እንዳለው ይጽፋል። ሹፌሩ ሁልጊዜ "እንደ አንበሳ" ብሎ ይጽፍ ነበር፣ እያነከሰ በገባበት ቀን ሳይቀር። ጋሽ ሜትር በወር አንድ ጊዜ ወገባችንን ይለካል። ነርሷን "አንቺ ቀንሰሻል" ሲላት ታፍራለች፤ እኔን "አንተ ደግሞ የምትሮጠው ወደ ሆድህ ነው" ይለኛል።

ከሁላችንም ፈጣን እሱ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ላይ በበሩና በቀበቶው መካከል ያለውን አሥር ጊዜ ሸፍኖ በአርባ ዘጠኝ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ጨረሰ። ደብተሩ ላይ የጻፈው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ሁለቴ አስምሮበት። በከተማው ውድድር ግን ሮጦ አያውቅም። በየዓመቱ መስመሩ ዳር ቆሞ ልብሳችንን ይይዛል፣ ሰዓት ይይዛል። እኛ ደግሞ በየዓመቱ እዚያ ስንሄድ እግራችን ይከዳናል፤ በልምምድ ያለን ሰዓት ብን ብሎ ይጠፋል። ሰዉ በዛ፣ ፀሐዩ ከረረ፣ ማታ የበላነው አልተስማማንም እንላለን። እሱ ካውያውን እየገፋ "የውድድር ቀን ሰው ይከብዳል፣ ያለ ነው" ይለን ነበር። እናምነዋለን።

ከሦስት ዓመት በፊት አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል ሮጠና የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ሹፌሩ እስከ ዛሬ "የኔ አውቶቡስ ቢሆን እጠብቀው ነበር" ይላል። ጄሶ፣ ክራንች፣ ከዚያ ሐኪሙ መራመድ እንደሚችል፣ መሮጥን ግን እንዲረሳ ነገረው። የስፌት መኪናውን በአንድ እግር እየረገጠ ሠራ። እኛ እየሮጥን ስናልፍ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ያየናል፤ ዓይናችንን የምናሳርፍበት እናጣለን። በስምንተኛው ወር ከበሩ እስከ ቀበቶው ተራመደ። በአሥራ አንደኛው ሶምሶማ ጀመረ። ነርሷ ቀድማው እየደረሰች ተረከዙን በበረዶ ትይዝለት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሻይ ሳይቀርብ፣ ዘንድሮ በከተማው ውድድር ተመዝግቤያለሁ አለን። አሥር ኪሎ ሜትር፣ ከሃምሳ ደቂቃ በታች። ስሙና ሰዓቱ በወረቀት ላይ ታትሞ ማየት ይፈልጋል፤ እግሩ የተመለሰ መሆኑን የሚያምነው ያኔ ነው። ካልሆነለት ግን ልጁ ና እያለች ወደምትጨቀጭቀው፣ እሷ ወደምትኖርበት ከተማ ይሄዳል፤ ሱቁንም ሩጫውንም ይዘጋል።

ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት በእኛ መንገድ ላይ አርባ ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ሮጠ። ሹፌሩ አቅፎ አነሳው። እኔ ልቤ ሞቀ።

በዚያው ሰሞን አንድ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ተቀላቀለን፤ ወንድሙ የላከለትን ርቀት የሚቆጥር ሰዓት አስሮ። በመጀመሪያው ቀን ምሰሶው ጋ ደርሶ ቆመና የእጁን ሰዓት አየ፣ ቀበቶውን አየ፣ መልሶ የእጁን ሰዓት አየ። "ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሜትር ነው የሚለው" አለ። ሹፌሩ "ቆጣሪ ሲያይ የሚውል ሰው ሁሉም ነገር የጎደለ ይመስለዋል" ብሎ አሳቀን፤ ጋሽ ሜትር ከኋላ ስለነበር አልሰማም። እኔ ግን ስቄ ዝም አላልኩም። እሁድ ቆጣሪ አንባቢውን ይዤ፣ መንገድ ሠሪዎች የሚገፉትን የመለኪያ ጎማ ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ተውሼ፣ ከበሩ እስከ ቀበቶው ገፋሁት። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ። መልሼ ገፋሁት። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ።

እቤት ገብቼ ቁጥሩን አሰላሁ። አሥር ኪሎ ሜትር እያልን አሥራ ሁለት ዓመት የሮጥነው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ነው። ውድድር ላይ የከበደን ምንም ነገር አልነበረም፤ ያው እኛው ነበርን። የጋሽ ሜትር አርባ ዘጠኝ ከሠላሳ በእውነተኛ መንገድ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ይሆናል። እግሩ ተመልሷል፤ የሚመለስበት ቦታ ግን ድሮም አልነበረም። ይህንን ለአንድ ሰው በምን አፍ ይነግሩታል?

ለነርሷ ብቻ ነገርኳት። ጎማው ተሳስቶ እንዳይሆን ሦስቴ አስማለችኝ። ከዚያ "ከውድድሩ በፊት አትንገረው" አለችኝ። "ሰው የሚሮጠው በእግሩ ብቻ አይደለም። ማን ያውቃል።" እኔም ማን ያውቃል አልኩ። ፍርሃቴን ደግነት ነው ብዬ ጠራሁት መሰለኝ። ወይም ደግነት ነበር፤ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ሮጠ። የዚያን ቀን እኔ ነበርኩ መስመሩ ዳር ልብሱን ይዤ የቆምኩት። እንደተስተካከለ ስፌት ነው የሮጠው፣ አንድም ቦታ አልተሰበረም። ሰዓቱን ሲያይ ግን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና የተወዳዳሪነት ቁጥሩን ከደረቱ ላይ ፈታ፣ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከናቴራው ላይ ሰካቸው። ዓይኑ ቀልቷል። ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም። ሹፌሩ ፀሐዩን ሊረግም ሲጀምር ነርሷ እጁን ጨብጣ ዝም አሰኘችው። በነጋታው ደብተሩ ላይ "አልተመለሰም" የሚል አንድ ቃል ተጽፎ አገኘን።

ከዚያ በኋላ ለልምምድ አልመጣም። ነርሷ በየቀኑ "ንገረው እንጂ" ትለኛለች። ሱቁ በር እደርሳለሁ፣ ደንበኛ ይኖራል፤ ደንበኛ ከሌለ እኔ ወኔ የለኝም። ብነግረው እግሩን እመልስለታለሁ፣ ያንን ሁለቴ ያሰመረበትን ቀን ግን እነጥቀዋለሁ። የትኛው ይሻለው ነበር? አማካሪ ብፈልግ እሱ ራሱ ነበር አማካሪዬ። እንዲህ ሳወጣ ሳወርድ ወር አለቀና የልጁ ባል ፒካፕ ይዞ መጣ።

ዕቃ ስንጭን ነው የነገርኩት። ሁለተኛውን የስፌት መኪና አንድ አንድ ጎኑን ይዘን ጎንበስ ብለን ሳለን፣ ፊቱን ማየት ስለማልፈልግ ይሆናል፣ "ጋሼ፣ መንገዱ አጭር ነው" አልኩት። "በጎማ ለክቼዋለሁ። እግርህ ምንም አልሆነም፣ የድሮው እግርህ ነው።"

"ስንት ሆነልህ?" አለ።

"ዘጠኝ መቶ ሠላሳ።"

የስፌት መኪናውን ፒካፑ ላይ አወጣነው። በገመድ ጠፈረው፣ ቋጠሮውን ሁለቴ ሳበ። ሲናገር ድምፁ ስለ ሰው ኮት የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

"የዚያ ፋብሪካ ክር ድሮም ይጎድላል" አለ። "ከያንዳንዱ ጥቅል የአንድ ሱሪ ክር ያስቀራሉ። የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም።"

ያውቅ ከነበረ ለምን በዚያ ክር ለካ? ውድድር ያልወጣው ለዚህ ነበር? እንዲህ ከሆነ ደግሞ ዘንድሮ ምን አወጣው፣ ጠርዙ ላይ የተቀመጠውስ ማን ነበር? ወይስ ክሩ እንደሚጎድል እያወቀ አንድም ቀን ከመንገዱ ጋር አያይዞት አያውቅም፣ አሁን እኔ ስነግረው ነው የገጠመለት?

"አባባ፣ እንሂድ፣ መንገዱ ይጨናነቃል" አለ አማቹ ሞተሩን አስነስቶ።

ጋሽ ሜትር ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ፣ ጋቢና ገባ። "ጋሼ" ብዬ በሩን ያዝኩ። መስታወቱን ዝቅ ሊያደርግ እጀታውን ፈለገ፣ አላገኘውም፤ እየፈለገ ሳለ ፒካፑ ተንቀሳቀሰ። መስቀለኛው ጋ ደርሶ ወደ ግራ ታጠፈ። ወደ ልጁ ከተማ የሚወስደው በቀኝ በኩል ያለው መንገድ ይመስለኝ ነበር፤ እሱንም ግን ለክቼ አላውቅም።