ደረቁ ቀይ ቧንቧ

ሰፈሩ «ብሎን» ነበር የሚለው፤ አንዴ ከጠበቀ የሚፈታው የለምና። የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ስድሳ አባወራ የሚኖርበትን ሕንፃ ውሃ ከታች እስከ ላይ የዘረጋው እሱ ነው፤ ያኔ የገንቢው ድርጅት ቅጥር ነበር። ሙያውን ያስተማረውን ፎርማን እስከ ዛሬ «ጋሼ» ይለዋል። ኋላ እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ገዝቶ ከሚስቱ ጋር ገባ። ድርጅቱ ሕንፃውን ለነዋሪዎቹ አስረክቦ ሊወጣ ሲል፣ ጎረቤቶቹ «የውሃውን ነገር አንተ ተረከብልን» ብለው መረጡት።

ቅዳሜ ጠዋት ፎርማኑ ምድር ቤት ወዳለው የፓምፕ ክፍል ጠራው። ሁለት የድርጅቱ ጥበቃዎች አብረውት ነበሩ። የብረቱ በር ተዘጋ። ፓምፑ ስለሚያጓራ እዚያ ውስጥ ሰው ቢታረድ ውጭ አይሰማም።

«ፈርም» አለው ፎርማኑ፣ የርክክቡን ወረቀት በርሜል ላይ ዘርግቶ።

ብሎን ቃል በቃል አነበበው። «ጋሼ፣ ‹በሚሠራ ሁኔታ ተረክበናል› ይላል። ‹አይተናል› ይባልና ልፈርም።»

«ምን ለየው?»

«ያየ ሰው ቤቱ ይገባል። የተረከበ ይጠየቃል።» በአገጩ ወደ ጥጉ ጠቆመ። ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ እስከ ጣሪያ ይወጣል፤ ከታች ግን ጫፉ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል እንጂ ከታንከሩ ጋር አልተገናኘም።

«ማን ገጠመው? ማን ቀባው? ያንተ እጅ አይደለም?»

«የኔው ነው። ‹ለጊዜው ነው› ብለኸኝ። እሳት ቢነሳ ሚስቴ የምትቃጠለው እኔ በቀባሁት ቀለም ነው።»

ፎርማኑ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ አንስቶ በርሜሉ ላይ ያረፈውን እጅ ባለ በሌለ ኃይሉ ደቃው። ሁለት ጣቶች እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ቀኙን እኮ ነው!» አለ አንደኛው ጥበቃ።

«እና?»

«በምን ሊፈርም?»

ፎርማኑ መፍቻውን ትንሽ አየት አደረገው። «አሻራ ያድርግ! ያዙት!»

የማኅተም ቀለም አልነበረም፤ ደም ግን ነበር። አውራ ጣቱን ወደ ወረቀቱ ሲጎትቱ፣ ብሎን በግንባሩ የአንዱን አፍንጫ አፈረሰው። ሌላው ጎኑን በጫማ ሲለው ወደቀ። ረገጡት። እየተረገጠ በደረቱ ተሳበ፤ የት እንደሚሄድ ያውቃል። የዋናውን መስመር መዝጊያ በግራ እጁ ጨብጦ አዞረ። ጀርባውን በመፍቻው መቱት፤ አዞረ። ጥርሱ ወለሉ ላይ ተሰበረ፤ አዞረ።

የስድሳ ቤት ውሃ ባንዴ ቀጥ አለ። ልብስ የሚያጥበው፣ ገላውን የሚታጠበው ሁሉ «ደግሞ ምን ሆነ?» እያለ ወደ ምድር ቤት ወረደ። በሩን በትከሻ ገነጠሉት። ከፊት የነበረችው ሚስቱ ናት፣ ፀጉሯ ሳሙና እንደያዘ።

«ባሌን!» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። የያዘችውን የብረት ባልዲ በፎርማኑ አናት ላይ አወረደችው።

«ቀዩን ክፈቱት» አለ ብሎን ከወለሉ፣ ደም እየተፋ።

ከፈቱት። ጭብጥ የማይሞላ አቧራ ተፋና ዝም አለ። ውሃ ነክቶት እንደማያውቅ ሁሉም ገባው። ከዚያ ሁሉም ፎርማኑ ላይ ወረደበት፤ በቡጢ፣ በእርግጫ፣ በባልዲ።

«ግደሉት!»

«አትግደሉት» አለ ብሎን። «የሞተ ሰው ቧንቧ አይገጥምም።»

ፎርማኑንና ሁለቱን ጥበቃዎች ፖሊስ ወሰዳቸው። ነዋሪው «ቀዩ ውሃ ሳይተፋ አንረከብም» ስላለ፣ ድርጅቱ በዋስ የወጣውን ፎርማን ከነመሣሪያው መልሶ ላከው። ብሎን እጁ በጀሶ እንደታሰረ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን መጋጠሚያ አየ።

«አጥብቀው።»

«ጠብቋል።»

«አልጠበቀም። አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?»

በአሥራ አንደኛው ቀን የቀዩን ቧንቧ መዝጊያ ከፈቱት። ውሃው ፎርማኑን ደረቱን ብሎ ከግድግዳው አላተመው። ማንም አላነሳውም።

ብሎን በግራ እጁ ፈረመ። ፎርማኑ ውሃው እየተንጠባጠበ ወረቀቱን አየ። «ይሄ ያንተን ፊርማ አይመስልም።»

«ያንን አንተ ነህ የወሰድከው» አለና የፓምፕ ክፍሉን ቁልፍ ተቀበለው።